የሆላንድ ቋንቋ ሰዋስው እንግሊዝኛ ለሚያውቁ

አንድ እንግሊዛዊ የሆላንድ ሴት አግብቶ አማቱ በ«ሃልፍ ድሪ» ለቡና ጠሩት እንበል። እርሱም እንዳገሩ ልማድ ሦስት ሰዓት ተኩል መስሎት ሲደርስ ቡናው ቀዝቅዞ፥ የአማቱም ፊት ጠቍሮ ያገኛል። በሆላንድ «ሃልፍ ድሪ» ማለት ለሦስት ሰዓት እኩሌታ ሲቀር፥ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 2 ሰዓት ከ30 ነውና።

ሁለቱ ቋንቋዎች ከአንድ ግንድ የበቀሉ ዘመዳሞች ናቸው፤ ነገር ግን ዝምድናው የሚረዳውን ያህል ያሳስታል። «ዊ» በእንግሊዝኛ እኛ ማለት ሲሆን፥ በሆላንድ ማን ማለት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠና የሚገባው የግሥ ስፍራ ነው። «ኢክ ኮፕ ብሮት» ማለት እኔ ዳቦ እገዛለሁ ማለት ነው፤ እስከዚህ እንደ እንግሊዝኛ ነው። ዛሬ የሚለው ቃል ሲቀድም ግን «ቫንዳኽ ኮፕ ኢክ ብሮት» ይባላል፤ ግሡ ሁለተኛ ስፍራውን አይለቅምና ባለቤቱ ወደ ኋላው ይሄዳል። «ኦምዳት» የሚባለው መስተጻምር ሲገባ ደግሞ «ኦምዳት ኢክ ብሮት ኮፕ» ይሆናል፤ ዳቦ ስለምገዛ ማለት ነው። ግሥ በመጨረሻ መዋሉ ለእንግሊዛዊ ጭንቅ ነው፤ በአማርኛ ላደገ ሰው ግን የለመደው ሥርዐት ነው።

ሁለተኛው የመስተአምር ነገር ነው። ለእንግሊዝኛ «ዘ» ብቻ ሲበቃው፥ ሆላንድ «ደ» እና «ሄት» አሉት። ወንድ «ደ ማን»፥ ሴት «ደ ቭራው»፥ ሕፃን «ሄት ኪንት» ይባላሉ። ብዙ ሲሆኑ ሁሉም በ«ደ» ይጠራሉ። በማቈላመጫው «የ» የሚጨርስ ነጠላ ስም ግን ሁልጊዜ በ«ሄት» ስለሚጠራ፥ ልጃገረድ ሴት ሆና ሳለች «ሄት መይስየ» ትባላለች። አሜሪካኖች ኩኪ የሚሉት ጣፋጭም ስሙን ያገኘው ከሆላንዱ «ኩክየ» ነው፤ ኒው ዮርክ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1664 ዓመት በእንግሊዞች እጅ ሳትገባ የሆላንዶች ከተማ ነበረችና።

ሦስተኛው የአክብሮት ነገር ነው። እንግሊዛዊ ለሁሉም «ዩ» ይላል። በሆላንድ ግን «የይ» አንተም አንቺም ሲሆን፥ «ኡ» እርስዎ ነው። ስለዚህ አማቱን «ኡ» ብሎ ይጀምር፤ እርሳቸው ራሳቸው «የይ» በለኝ እስኪሉት ድረስ ይጠብቅ።

በመጨረሻም ቍጥርን ይጠንቀቅ። 25 ሲባል አምስቱ ቀድሞ «አምስትና ሀያ» ተብሎ ስለሚነገር፥ ቸኩሎ የሚጽፍ ሰው 52 ብሎ ይከፍላል። እንግዲህ ሰዋስው የተማሪ ቤት ሥራ ብቻ አይደለም፤ ከሰው ቤት ገብቶ በሰላም ለመኖርም ያስፈልጋል።