ተጨማሪ መረጃ፦ አንድ ገጸ ባሕርይ፣ ሦስት ተዋንያን

ሲራክ ሳባሃት በኢትዮጵያ ተወልዶ በልጅነቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በ«ዘመቻ ሰለሞን» ወደ እስራኤል ከተጓዙት ቤተ እስራኤላውያን አንዱ ነው። በፊልም ተመልካቾች ዘንድ ያሳወቀው ራዱ ሚሃይሌያኑ በ2005 ያቀረበው «ቫ፣ ቪ ኤ ዴቪየን» («ሂድ፣ ኑር፣ ሁን») የተሰኘ የፈረንሳይ ፊልም ነው። ታሪኩ በሱዳን የስደተኞች መጠለያ ይጀምራል። አንዲት ክርስቲያን እናት ልጇ ከረሃብ እንዲተርፍ አይሁዳዊ ነኝ ብሎ ቤተ እስራኤላውያንን ከሱዳን ወደ እስራኤል በወሰደው «ዘመቻ ሙሴ» እንዲሄድ ትልከዋለች።

ሽሎሞ የተባለውን ይህን ልጅ ሦስት ሰዎች ተጫውተውታል፤ ሕፃንነቱን ሞሼ አጋዛይ፣ ጉርምስናውን ሞሼ አበበ፣ ጉልምስናውን ሲራክ። ሕፃኑ ገላውን ሲታጠብ ውሃው ፈስሶ እንዳያልቅ ለማስቀረት የሚታገልበት ትዕይንት ከብዙ ንግግር በላይ ይናገራል። ለሲራክ የደረሰው ክፍል ግን ሌላ ዓይነት ፈተና ነበረው፤ ሽሎሞ ሕክምና ለመማር ፓሪስ ይሄዳል። በፊልሙ ውስጥ አማርኛ፣ ዕብራይስጥና ፈረንሳይኛ ይነገራሉ። ለጀማሪ ተዋናይ በተለያዩ ቋንቋዎች መጫወት ቀላል ሸክም አይደለም።

ፊልሙ በበርሊን ፌስቲቫል በ«ፓኖራማ» ዘርፍ የተመልካቾችን ሽልማት፣ በ2006 ደግሞ በፈረንሳይ ለምርጥ ወጥ የፊልም ጽሑፍ የሚሰጠውን የሴዛር ሽልማት አግኝቷል።