በሬ ሲገዙ ከሥጋው በፊት ጥርሱን ይዩ

ክረምቱ ሲቃረብ የከብት ተራው ይጨናነቃል። ለዓመታት ያጠራቀመውን ገንዘብ በመቀነቱ ቋጥሮ፣ ሲጎድልበትም በግና እህል ሸጦ ወይም ተበድሮ የመጣ አርሶ አደር ከአንዱ በሬ ወደ ሌላው ይመላለሳል። ጀርባውን ይዳስሳል፤ ሻኛውን ይመለከታል፤ ቁመናውን ያያል። ዋጋ ይቆረጣል፤ ዋስ ይጠራል፤ በሬው ተነድቶ ወደ ቤት ይገባል። በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው አፉን ገልጦ ጥርሱን ማየት ነው።

ለአርሶ አደር ቤተሰብ ከሚገዙ ነገሮች ሁሉ በሬ ከውዶቹ አንዱ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ከቢጤው ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። ጭራሽ የሌለው የሰው ተራ ይጠብቃል፤ አለዚያም መሬቱን የእኩል ይሰጣል። ጤፍ ደግሞ ደጋግሞ መታረስ የሚፈልግ ሰብል ነው፤ የዘር ጊዜው ካለፈም አይመለስም። በመሆኑም የበሬን ዕድሜ ባለመለየት የሚፈጠር ስህተት ከገንዘብ ኪሳራ አልፎ የዓመት ቀለብ ያሳጣል።

ጥርስ ምን ይናገራል?

ከብት በላይኛው መንጋጋው ፊት ለፊት ጥርስ የለውም። ዕድሜው የሚታወቀው በታችኛው መንጋጋ ፊት ለፊት በተደረደሩት 8 ጥርሶች ነው። የወተት ጥርሶች ትናንሽ፣ ነጫጭና ቀጫጭን ናቸው። በእነርሱ ምትክ የሚበቅሉት ቋሚ ጥርሶች ሰፋፊና ትላልቅ በመሆናቸው በቀላሉ ይለያሉ።

በአገር ውስጥ ዝርያዎች መካከል ላይ ያሉት የመጀመሪያዎቹ 2 ቋሚ ጥርሶች የሚወጡት ከ2 እስከ 2 ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። 4 ጥርስ ያወጣ ወይፈን 3 ዓመት ገደማ፣ 6 ጥርስ ያወጣው ደግሞ 3 ዓመት ተኩል ገደማ ሆኖታል። ከ4 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ 8ቱም ይሞላሉ። ከዚያ በኋላ የሚታየው የጥርሱ መበላት ነው። በመጀመሪያ መካከለኞቹ ጠርዛቸው ይስተካከላል፤ ቀጥሎ መበላቱ ወደ ዳር ይሄዳል። ጥርሶቹ አጥረው፣ በመካከላቸው ክፍተት ታይቶ፣ ጉቶ መስለው ከተገኙ በሬው 10 ዓመት የደረሰ ወይም ያለፈ ነው። አመጋገብና የግጦሹ መሬት ጠጠራማ መሆን ይህን ስሌት በጥቂቱ ሊያዛቡት ይችላሉ። ቀንድ ግን ተሞርዶ ሊሳል ስለሚችል በእርሱ ብቻ መተማመን አያዋጣም።

ወይፈን ወይስ አሮጌ?

ሦስት ዓመት ያልሞላውን ወይፈን ለከባድ እርሻ መጥመድ ጫንቃውን ያቆስለዋል፤ ዕድገቱንም ይገታል። 3 ወይም 4 ዓመት የሆነው ወይፈን ለመግራት የደረሰ ነው፤ በደንብ ከተያዘም ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። ይሁን እንጂ ሥራ እስኪለምድ ሳምንታት ይፈልጋል። በሰኔ ተገዝቶ በሰኔ እንዲያርስ የሚጠበቅበት ወይፈን ገበሬውንም ራሱንም ያደክማል።

ከ5 እስከ 8 ዓመት ያለው በሬ ጉልበቱ የሞላ፣ ሥራ የለመደ በመሆኑ ዋጋው ከፍ ይላል። ከዚያ በላይ የሆነው በርካሽ ይገኛል፤ ርካሽነቱ ግን መሰላት አለበት። ለስሌት ያህል፣ 6 ዓመት ሊያርስ የሚችል በሬ 60 ሺህ ብር፣ 2 ዓመት ብቻ የሚያርስ አሮጌ በሬ ደግሞ 42 ሺህ ብር ተጠየቀባቸው እንበል። የመጀመሪያው ለአንድ የእርሻ ዓመት 10 ሺህ፣ ሁለተኛው 21 ሺህ ብር ያስወጣል ማለት ነው። ጥርሱ ያለቀ በሬ ጭድና ገለባ በሚገባ ስለማያደቅቅ በበጋ ይከሳል፤ ጉልበት በሚፈለግበት ጊዜም ይደክማል።

ይህ ሲባል ግን አሮጌ በሬ አይገዛም ማለት አይደለም። ያልተገራ ወይፈን በቤቱ ላለው አርሶ አደር ትእዛዝ የሚሰማና ትልም የሚጠብቅ አንጋፋ በሬ ከማንም የተሻለ አስተማሪ ነው። ወይፈኑ ከእርሱ ጋር ተጠምዶ በመጀመሪያ ቀንበሩን ብቻ፣ ቀጥሎ ቀላል ግንድ እየጎተተ፣ በማለዳ ለአጭር ሰዓት እየሠራ ይለምዳል። እርሻው ሲያበቃ አንጋፋውን ለ3 ወር ያህል በፋጉሎና በፉርሽካ አድልቦ ለበዓል ገበያ ማቅረብ ይቻላል። በዚህ መንገድ የወጣበት ገንዘብ ከነትርፉ ሊመለስ ይችላል። በሬን አርሶበት አድልቦ መሸጥ የሐረርጌ አርሶ አደሮች ከጥንት የሚታወቁበት ሙያ ነው። ዋናው ነገር አሮጌውን አሮጌ መሆኑን አውቆ፣ በአሮጌ ዋጋ መግዛት ነው።

ከመክፈል በፊት

ጥርስ ሲታይ አንድ ሰው በሬውን በሚገባ ይይዛል፤ ሌላው የታችኛውን ከንፈር ወደ ታች ይስባል። ከዚያም በሬውን አስኬዶ አለማንከሱን፣ የጫንቃ ቁስል አለመኖሩን፣ የዓይኑንና የሰኮናውን ጤንነት ማረጋገጥ ያሻል። በቀኝ ወይስ በግራ መጠመድ እንደለመደ መጠየቅ፣ ቁመቱም ከቤቱ በሬ ጋር መመጣጠኑን ማሰብ ይገባል። ከደጋ ወደ ቆላ የሚወሰድ ከሆነ ገንዲ ያለበት አካባቢ መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። የተገዛው በሬ ቢያንስ ለ2 ሳምንት ከሌሎች ከብቶች ተለይቶ መቆየት፣ በአባ ሰንጋ፣ በአባ ጎርባና በጎረርሳ ላይ መከተቡም መረጋገጥ አለበት።

የግዥው ወቅትም የራሱ ድርሻ አለው። እርሻ ሲደርስ ፈላጊው ስለሚበዛ ዋጋ ይንራል፤ ጊዜም ስለማይኖር ወይፈን መግራት አይቻልም። አዝመራው ተሰብስቦ ጭድ ባለበት በጥርና በየካቲት የገዛ አርሶ አደር ለመምረጥም ለመግራትም ፋታ ያገኛል።

እዚህ ላይ የወረዳና የቀበሌ አመራሮች ድርሻ ጎልቶ ይታያል። ለበሬ መግዣ የሚሰጥ ብድር በሰኔ ቢለቀቅ ተበዳሪውን በውድ ገበያ ላይ ያለ ምርጫ ይጥለዋል፤ በጥር ቢደርስ ግን ያው ገንዘብ የተሻለ በሬ ይገዛል። የእንስሳት ጤና ባለሙያ በገበያ ቀን በከብት ተራ መገኘቱ፣ ጥርስ አይቶ ዕድሜ መለየትም በአርሶ አደሮች ማሰልጠኛ ማዕከላት በተግባር መሰጠቱ ብዙ በጀት አይጠይቅም። ተበድሮ የገዛው በሬ በሁለተኛው ክረምት ቀንበር ሥር ቢተኛበት ግን ዕዳው አርሶ አደሩ ላይ ይቀራል። ያንን ዕዳ ለማስቀረት በገበያ ላይ የምታስፈልገው አፍ ገልጦ የማየት አንድ ደቂቃ ናት።