እብዱን ሳይሆን የዳነውን ፈሩ

ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ ሁሌም የሚገርመኝ ታሪክ አለ። በመቃብር ቦታ የሚኖር፣ ሰንሰለት የሚበጥስ፣ ሌት ተቀን እየጮኸ ራሱን በድንጋይ የሚያቆስል ሰው ነበር። ክርስቶስ ፈወሰው። የአገሩ ሰዎች ወሬውን ሰምተው ሲመጡ፣ ያ ሰው ልብሱን ለብሶ፣ ልቡ ተመልሶለት ቁጭ ብሏል። ወንጌሉ እንደሚለው ሰዎቹ የፈሩት ይሄኔ ነው። ከዚያ ክርስቶስን አገራችንን ልቀቅልን ብለው ለመኑት።

ከእብዱ ጋር መኖርን ለምደውት ነበር። ያለበትን ያውቃሉ፣ በዚያ በኩል አያልፉም፣ አለቀ። የዳነው ሰው ግን አዲስ ነገር ሆነባቸው። ለዚያውም 2,000 ያህል እሪያዎች ባሕር ገብተዋል። የእግዚአብሔር ኃይል መጥቶ ኪሳቸውንም ነካው ማለት ነው።

ይህን የማነሳው ጎረቤላ በሚኖር አንድ ጓደኛዬ ምክንያት ነው። እንቅልፍ ካጣ ከርሟል። እናቱ «ልጄ፣ ጻድቃኔ ማርያም ሄደን እንጠመቅ» ስትለው እሺ አይልም። የማያምን እንዳይመስላችሁ፤ ማተቡ አንገቱ ላይ ነው፣ ጾምም አይሽርም። ለምን እንደማይሄድ ስጠይቀው፣ «ብጮህስ? ሰው ቪዲዮ ቢቀርጸኝስ?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ጠበል ላይ የሚወድቁና የሚጮኹ ሰዎችን ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ያላየ አለ? ያቺ ልጅ ነገ ሥራ ትፈልጋለች፣ ታገባለች። የእኛ ስልክ ግን የጭንቀቷን ሰዓት አይረሳላትም። ስለዚህ ብዙ ወጣት የሚፈራው እግዚአብሔርን ሳይሆን እኛን ነው። ይሄኛው ፍርሃት መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስልካችንን ኪሳችን እንክተት።

ሁለተኛው ፍርሃት መታለል ነው። ተአምር በገንዘብ የሚቸረችር ሰው በበዛበት ጊዜ መጠርጠር አለማመን አይደለም። «መድኃኒትህን ጣል» የሚላችሁ ካለማ ሽሹት። ብዙ የኤችአይቪ ሕሙማን እንጦጦ ማርያም ጠበል በሚጠመቁበት ጊዜ፣ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። እንግዲህ ሐኪም ቤት መሄድ እምነት ማጉደል አይደለም፤ ጠበል መጠመቅም አለመማር አይደለም።

ሦስተኛው ግን ይከብዳል። ጓደኛዬን «ማንም ባይቀርጽህስ ትሄዳለህ?» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና፣ «ከዳንኩ ከወንድሜ ጋር መታረቅ ሊኖርብኝ ነው» አለ። በአባታቸው መሬት ተካሰው ካልተነጋገሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ጠበል ከመግባት በፊት ንስሐ እንዳለ፣ ንስሐ አባቱም መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ወንድሙ እንደሆነ ያውቃል።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ ያለው። ከእግዚአብሔር ኃይል የምንሸሸው ሁልጊዜ ስለማናምንበት አይደለም። አንዳንዴ በጣም ስለምናምንበት ነው። ቢመጣ ሕመሙን ብቻ ነጥሎ አይወስድም፤ ቂሙንም፣ ጫቱንም፣ ያለአግባብ የያዝነውን የሰው ድርሻም ይነካል። ሕመም ደግሞ ክፉ ቢሆንም ሰበብ ይሆናል። የዳነ ሰው ሰበብ የለውም። ብዙዎቻችን የምንፈልገው በጭንቅ ጊዜ ብቻ የሚደርስ፣ ጭንቁ ሲያልፍ ቤታችንን የማይፈትሽ አምላክ ነው።

የጌርጌሴኖን ሰዎችም ልቀቅልን ሲሉት ክርስቶስ አልተቆጣም፤ በጀልባው ሄደላቸው። የዳነው ሰው ከአንተ ጋር ልሂድ ብሎ ቢለምንም አልፈቀደለትም። ወደ ቤትህ፣ ወደ ዘመዶችህ ሂድና የተደረገልህን ንገራቸው አለው። ልቀቅልን ላሉት ሰዎች እንኳ አንድ የዳነ ሰው ተወላቸው። በማግስቱ ገበያ ላይ የሚያገኙት፣ ሰላም የሚላቸው፣ ራሱን ማቁሰል የተወ ሰው። ፍርሃታቸው ቀስ እያለ እንዲለቃቸው ከዚያ የተሻለ ነገር ያለ አይመስለኝም።