የቀረችው ልጅ የት ሄደች?

ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ቤቱ ይታመሳል። እናት በሶና ቆሎ ታዘጋጃለች፤ አባት ሻንጣና ብርድ ልብስ ይገዛል፤ ጎረቤትም ቢሆን መቶ ብር በእጁ ጨብጦ ብቅ ይላል። ምክሩማ አይነሳ! «ከመጥፎ ጓደኛ ራቅ»፣ «ጫት የሚባል ነገር እንዳትነካ»፣ «ስልክህን እንዳትዘጋ»... ሁሉም ተመክሮ፣ ሁሉም ተጠቅልሎ ሲያበቃ ሻንጣ ውስጥ የማይገባ አንድ ነገር ይቀራል። እሱም ሰው ነው። ልጁን አንድ ምሽት ትኩሳት ቢይዘው፣ የመጀመሪያው ፈተና ከመቶ ሃያ ሆኖ ቢመለስለት፣ ከቤት ክፉ ወሬ ቢመጣበት «ምነው፣ ዛሬ ፊትህ ልክ አይደለም?» የሚለው ሰው።

ውድ አንባብያን፣ ለዛሬ የምናወጋችሁ የዚያን ሰው ቦታ ስለሚተኩ ተማሪዎች ነው። ከግቢው አጥር ማዶ ባለ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ በመስጊድ፣ ወይም ተዋጥተው በተከራዩት ክፍል ይሰበሰባሉ። ኦርቶዶክሳውያኑ «ግቢ ጉባኤ» ይሉታል፤ ጴንጤዎቹ «ፌሎሺፕ»፤ ሙስሊሞቹ «ጀመዓ»። ስሙ እንደየእምነቱ ይለያይ እንጂ የሚሠሩት ደግ ሥራ ይመሳሰላል። የሚሳሳቱትም ስህተት እንደዚያው!

የእነሱ ቻፕሊንና የእኛ

በፈረንጅ አገር ዩኒቨርሲቲዎች «ቻፕሊን» የሚባል ሰው አለ። (ቻርሊ ቻፕሊን እንዳይመስላችሁ፣ ያኛው ሌላ ነው!) ይህኛው ተማሪውን በመንፈሳዊ ጉዳይ የሚያማክር፣ የታመመ የሚጠይቅ፣ ያዘነ የሚያጽናና ሰው ነው። በኦክስፎርድና በካምብሪጅ ብዙዎቹ ኮሌጆች የራሳቸው ጸሎት ቤትና የራሳቸው ካህን አላቸው። በአሜሪካው ሃርቫርድ ደግሞ የክርስቲያኑም፣ የሙስሊሙም፣ የአይሁዱም፣ የቡድሂስቱም ቻፕሊኖች በአንድ ማኅበር ተሰባስበው ይሠራሉ። እንዲያውም ይህ ማኅበር በ2021 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት አድርጎ የመረጠው ግሬግ ኤፕስታይንን ነው። ሰውየው በእግዚአብሔር መኖር አያምንም! ሥራው ሃይማኖት የሌላቸውን ተማሪዎች ማማከር ነው። ወሬው ያኔ ብዙ አነጋግሯል።

በእኛ አገር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግን ቻፕሊን ብሎ ነገር የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። በሌላ በኩል አንቀጽ 27 ለማንኛውም ሰው የእምነት ነፃነት ሰጥቶታል። ታዲያ ተማሪው ምን አደረገ? እምነቱን ይዞ ከበሩ ወጣ አለና በአቅራቢያው ካለው ደብር ወይም መስጊድ ተጠጋ። ደመወዝ የሚከፈለው ቻፕሊን ስለሌለ የቻፕሊኑን ሥራ የ20 እና የ21 ዓመት ልጆች ተከፋፈሉት። እነሱም ፈተና አለባቸው፤ እነሱም ከቤታቸው ርቀዋል። ይህንን ልብ በሉልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ከብላቴ እስከ ዛሬ

ነገሩ የዛሬ አይደለም። የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1943 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት መሪው ዶክተር ሉሲየን ማት የካናዳ ኢየሱሳዊ ካህን ነበሩ፤ ካህን ይሁኑ እንጂ ለስብከት አልነበረም የመጡት። በንጉሡ ዘመን ኦርቶዶክሳውያኑ ተማሪዎች «ሃይማኖተ አበው» በሚባል ማኅበር ይሰባሰቡ ነበር። ደርግ ሲመጣ ግን ጸሎት ድምፅ ተቀንሶ የሚደረግ ነገር ሆነ።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለውትድርና ሥልጠና ወደ ብላቴ ተላኩ። እዚያ ማሠልጠኛ ውስጥ ተሰብስበው ይጸልዩ የነበሩ ወጣቶች ከተመለሱ በኋላ ቀድሞም በየግቢው ከነበሩት ጋር እጅ ለእጅ ተያያዙ፤ በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ተመሠረተ። የዛሬዎቹን ግቢ ጉባኤዎች የሚያስተባብረው ይኸው ማኅበር ነው። የወንጌላውያኑ ተማሪዎች ኅብረትም «ኢቫሱ» በሚለው ስሙ በየግቢው ይታወቃል።

በ1980ዎቹ አጋማሽ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ ተብለው የሚጠሩት አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። የአዲስ አበባው ልጅ ጅግጅጋ፣ የመቀሌው አርባ ምንጭ፣ የነቀምቴው ደብረ ማርቆስ ሊመደብ ይችላል። ዘመድ በሌለበት፣ አንዳንዴም ቋንቋውን በማያውቀው ከተማ መናኸሪያ ላይ ሻንጣውን ይዞ ሲቆም «ፍሬሽ ነህ? ና፣ ሻንጣውን ልያዝልህ» የሚለው ብዙውን ጊዜ የጉባኤ ልጅ ነው።

አንድ ሳምንት በግቢ

መንፈሳዊ ሕይወት ሲባል ዝማሬና ስብከት ብቻ የሚመስለው አለ። እስቲ ሳምንቱን ተከተሉት። ረቡዕና ዓርብ ካፌው የጾም ወጥ ይሠራል፤ የጾመው ቅዳሴ እስኪወጣ ወይም ሰዓቱ እስኪደርስ ሲጠብቅ ካፌው ሊዘጋበት ነው፤ ጓደኛው ምሳውን በሳህን ይዞለት ይሮጣል። ዓርብ እኩለ ቀን የጀመዓው ልጆች ለጁምዓ ይወጣሉ። ማታ ማታ አንዱ ጋ የመዝሙር ጥናት፣ ሌላው ጋ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት፣ ሌላው ጋ የቁርኣን ትምህርት አለ። ቅዳሜ የታመመ ይጠየቃል፣ ልብስ ይታጠባል። እሑድ ቅዳሴ ነው፣ አምልኮ ነው። ከዚያ ደግሞ የጽዋው ዳቦ፣ የጉዞው መዋጮ፣ የተመራቂዎች ሽኝት...

በብዙ ጉባኤዎች አዲስ ገቢው «ቤተሰብ» ይሰጠዋል። አንዱ ሲኒየር አባት፣ አንዷ እናት ትሆናለች፤ የ18 ዓመቱ ልጅ የ21 ዓመቷን «እማ» ሲላት መስማት ያስቃል። እማ ግን የፎቶ ኮፒ ገንዘብ ሲያጣ ከየትም ብላ ትሰጠዋለች። የማትስ ጥያቄ ሲከብደው «ማታ ላይብረሪ ና» ብላ ታስረዳዋለች።

ደስ የሚለው ደግሞ ዶርም ውስጥ ያለው ነው። በአንድ ክፍል ስድስት ልጆች ቢኖሩ ሁለቱ ሙስሊም፣ ሦስቱ ኦርቶዶክስ፣ አንዱ ጴንጤ ሊሆኑ ይችላሉ። በ2015ም፣ በ2016ም፣ በ2017 ዓ.ም.ም ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጥመው ነበርና አንዱ ለሱሁር፣ ሌላው ለኪዳን በአንድ ሌሊት የሚነሱበት ዶርም ብዙ ነበር። አንዱ አንዱን ይቀሰቅሳል! በ2012 ዓ.ም. በየግቢው የብሔር ግጭት ተነስቶ ብዙ ተማሪ ትምህርቱን ጥሎ ሲወጣ የታየው ክፉ ነገር አይረሳም። ያን ጊዜ «ከየት ነህ?» የሚለው ጥያቄ ያስፈራ ነበር። አብሮ የጸለየ፣ አብሮ ያፈጠረ ሰው ግን ጓደኛውን አስቀድሞ በስሙ ያውቀዋል።

ስድስት ሳምንት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አንድ ታሪክ እንንገራችሁ፤ የልጅቷንም የግቢዋንም ስም እናቆየው።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ መዝሙር ክፍል አትጠፋም ነበር። በሁለተኛው ሴሚስተር ድንገት ቀረች። በመጀመሪያው ሳምንት «ፈተና ይዟት ነው» ተባለ። በሁለተኛው «ቤተሰብ ጋ ሄዳ ይሆናል»። በአራተኛው አንዱ ከግቢው በር አጠገብ ከአንድ ጎልማሳ ሰውዬ ጋር እንዳያት አወራ። በቃ! በስድስተኛው ሳምንት ካፌ ሰልፍ ላይ ሲያገኟት ፊታቸውን የሚያዞሩ «እህቶች» ተገኙ። ሁሉም ስለ እሷ ያወራል፤ እሷን የጠየቀ ግን የለም።

እውነቱ ምን ነበር? አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ አደጋ ደርሶበት አልጋ ላይ ዋለ። ታናናሾቿ ትምህርት ሊያቋርጡ ሆነ። እሷም አንድ ባለሱቅ ቤት ማታ ማታ ሁለት ልጆች ታስጠናለች፤ የምታገኘውን ወደ ቤት ትልካለች። ያ «ጎልማሳ ሰውዬ» የልጆቹ አባት ነው፣ ሲመሽ እስከ በሩ ይሸኛታል። ይህንን ለማንም አልተናገረችም። ለምን? ድህነት ያሳፍራላ!

በመጨረሻ አንዲት ተመራቂ ተማሪ በፔርሙስ ሻይ፣ በፌስታል ዳቦ ይዛ ዶርሟ ሄደች። «ለምን ቀረሽ?» አላለቻትም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሻይ ቀዳችላትና «የጎደለሽ ምንድን ነው?» አለቻት። ልጅቷ አለቀሰች፣ ተናገረች። ጉባኤው ማን እንደሆነች ሳይነገረው መዋጮ አዋጣ፣ ማስጠናቱም ሁለት ቀን ብቻ ሆነላት፣ ወደ መዝሙሯ ተመለሰች። ታሪኩ ግን ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብሎ አያልቅም። ሰልፍ ላይ ፊታቸውን ያዞሩባትን ልጆች እስክትመረቅ ድረስ እንደ ድሮው ልታያቸው አልቻለችም። እንዲህ ያለ ታሪክ ያልሰማ የግቢ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ።

ጉባኤ ጥሩ መሆኑ በምን ይታወቃል ብትሉን በአዳራሹ መሙላት አይታወቅም እንላችኋለን። የቀረውን ሰው በስንት ቀን ውስጥ፣ በምን ዓይነት ቃል ይፈልገዋል? እዚያ ላይ ይታወቃል።

ሌላው በሽታ

ደሞ በተቃራኒው ከጉባኤ የማይጠፋው ልጅም አለ። ሰኞ ጸሎት፣ ማክሰኞ ስብሰባ፣ ረቡዕ ጥናት፣ ሐሙስ ኳየር... ሁሉም «ብርቱ አገልጋይ» ይለዋል። ግሬዱ ከ2.00 በታች ሲወርድና ዋርኒንግ ሲመጣበት «እግዚአብሔር ያውቃል» ይላል። ሲባረር ጓደኞቹ ተሰብስበው ጸልየው ይሸኙታል። መልካም! ግን ከመሸኘቱ በፊት ደብተሩን ገልጦ ያየለት ማን ነበር? በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ያህሉ ብቻ ነበሩ። በዚህ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ወንበር ቀልድ አይደለም። እናት በሶውን ስትቋጥር ልጇ ዲግሪ ይዞ እንዲመለስ ነበር።

የፍቅሩም ነገር አለ። «ወንድሜ፣ እህቴ» እየተባባሉ ቆይተው ትዳር የመሠረቱ ብዙ ናቸው፤ ደስ ይላል። ነገር ግን «ሕልም አይቼ ነው» ወይም «ጌታ ነግሮኝ ነው» እያለ ፍሬሽ ልጅ የሚያስጨንቅ ሲኒየርም አይጠፋም። እህቶች፣ ጌታ ለእሱ ከነገረው ለእናንተም ይንገራችሁ! «አይሆንም» ማለት ኃጢአት አይደለም።

እና አንድ ከባድ ነገር። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የዘጋ፣ «ብሞት ይሻላል» የሚል ልጅ ሲገኝ «ጸልይ» ብሎ መተው አይገባም። ጸበሉም፣ ዱዓውም፣ ጸሎቱም ይኑር፤ ግን ዛሬውኑ እጁን ይዛችሁ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት፣ ለብቻውም አትተዉት። የ21 ዓመት ልጅ ሐኪም አይደለም፤ የሁሉንም ሸክም ብቻውን እንዲሸከም ማንም አላዘዘውም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ፍሬሾች! በመጀመሪያው ወር አንድ ቦታ ተጠጉ። ሃይማኖት የሚቀናችሁ ከሆነ ጉባኤው፣ ካልሆነም የስፖርት ክለቡ፣ የቀይ መስቀሉ ክበብ፣ ብቻ ስትጠፉ «የት ሄደ?» የሚል ሰው ያለበት ቦታ ይሁን። ከዶርም ልጆች ጋር እንድትጣሉ፣ ለቤተሰብ እንዳትደውሉ ወይም ትምህርት እንድትጥሉ የሚነግራችሁ ስብስብ ካጋጠማችሁ ግን በዝማሬው ጣዕም አትታለሉ፣ ውጡ።

አገልጋዮች! የመቅረት መዝገብ ለመቅጫ አይሁን። አንድ ሰው ሁለት ሳምንት ከጠፋ አንድ ሰው ብቻ ይሂድ፣ ሻይ ይዞ ይሂድ፣ የሰማውንም በሆዱ ይያዝ። የሰው ገመና የጸሎት ርዕስ ተብሎ አዳራሽ ላይ አይነበብም። በፈተና ሰሞን መርሐ ግብሩን እጠፉት። የከበደውን ነገር ደግሞ ለየንስሐ አባቱ፣ ለኡስታዙ፣ ለፓስተሩ፣ ለክሊኒኩ አድርሱት።

ወላጆች! ስትደውሉ «ግሬድ እንዴት ነው?» ብቻ አትበሉ። «ማን ጓደኛ አለህ? ስትታመም ማን ያይሃል?» በሉ። ቤት ውስጥ ችግር ሲደርስም አትደብቁ፤ ልጅ ከሌላ ሰው ሲሰማው ብቻውን ይሸከመዋል።

ጎበዝ! ዛሬ ማታ ጉባኤው ሲያበቃ ወንበሩን ከማንሳታችሁ በፊት አንዴ ዙሪያውን እዩ። ያልመጣው ማነው? ከዚያ ስለ እሱ ከማውራታችሁ በፊት ወደ እሱ ሂዱ።