«ሼል»፦ ዕዳ ወይስ ትንቢት?

በእንግሊዝኛ ሕግ ውስጥ የሚገኘውን «ሼል» የተባለ ረዳት ግሥ የትንቢት ምልክት ብቻ አድርጎ «ተከራዩ ኪራዩን ይከፍላል» ብሎ መተርጐም ያሻማል፤ ግዴታ ይሁን ልማድ አይለይምና። ግሡ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ዕዳ አለበት» ማለት ነበር፤ ዕዳን የሚያመለክተው የጀርመንኛው «ሹልድ»ም የሥሩ ዘመድ ነው። አማርኛችንም (ከማንም ሳይዋስ) «መቶ ብር አለበት»፣ «መክፈል አለበት» እያለ ዕዳንና ግዴታን በአንድ ቃል ይገልጻል። ከዚህ የቀረበ አቻ አይገኝም። ሆኖም በነጋሪት ጋዜጣ «አዋጁ የጸና ይሆናል» ከሚለው አንጻር የሚቆመው «ሼል» ትእዛዝ አይደለም፤ «መጽናት አለበት» ቢባል አዋጁ ገና ያልጸና ይመስላል። ባለቋንቋዎቹም ራሳቸው ተቸግረውበታል፤ የአሜሪካ ፌዴራል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንቦች እ.ኤ.አ. በ2007 ሲታረሙ ቃሉ በአሻሚነቱ ተወግዶ በብዙው ስፍራ በ«መስት» ተተካ፤ በ2010 ግን በ56ኛው ደንብ ውስጥ ተመልሶ ገባ።