ቁልፏ ስላለች ብቻ አትመኑ

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትልኩልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይሄ ሊንክ ትክክለኛ ነው? ቁልፍ እኮ አለው።»

ቁልፍ የምትሉት ከአድራሻው በስተግራ የምትታየውን ትንሽ ምልክት ነው። ለዓመታት «ቁልፍ ካለ ግቡ፣ ከሌለ ውጡ» ተብለናል። ምክሩ በጊዜው ጠቅሞናል፤ ዛሬ ግን ሰው እያስበላ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

ቁልፏ የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። በእናንተ ስልክና በድረ ገጹ ሰርቨር መካከል የሚመላለሰው መረጃ ተመስጥሯል፣ መሃል ላይ ያለ ሰው ሊያነበው አይችልም። ፖስታው ታሽጓል ማለት ነው። ተቀባዩ ሌባ ከሆነም ታሽጎ ይደርሰዋል።

መታሸጉ ራሱ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 ኤሪክ በትለር የሚባል ፕሮግራመር አደጋውን ለማሳየት ብሎ «ፋየርሺፕ» የተሰኘ የፋየርፎክስ ተጨማሪ ለቀቀ። ካፌ ውስጥ የተቀመጠ ማንም ሰው በዚያው ክፍት ዋይፋይ የሚጠቀሙ ሰዎችን የፌስቡክ አካውንት በአንድ ክሊክ ይገባበት ነበር። ያኔ ብዙ ድረ ገጾች የሚመሰጥሩት ፓስወርድ የሚገባበትን ገጽ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በግልጽ ይሄዳል። ዛሬ እንዲህ ያለው ስርቆት በአብዛኛው ቀርቷል። የካፌው ዋይፋይ ባለቤት የትኛውን ድረ ገጽ እንደከፈታችሁ ሊያውቅ ይችላል፣ እዚያ ውስጥ የጻፋችሁትን ግን አያነብም።

ታዲያ ሌባው ቁልፏን ከየት አመጣት? ቁልፏ የምትታየው ድረ ገጹ ሰርተፍኬት ሲኖረው ነው። ሰርተፍኬት ድሮ በአብዛኛው በገንዘብ ይገዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለ ለትርፍ ያልቆመ አገልግሎት በነጻ ማደል ጀመረ። እኔ ይሄን ለኢንተርኔት ከተዋሉት ትልልቅ ውለታዎች አንዱ ነው እላለሁ፤ ገንዘብ የሌለው ትንሽ ድረ ገጽ ሁሉ ተጠቃሚውን መጠበቅ ቻለ። ነገር ግን ሰርተፍኬቱን ለመስጠት የሚጣራው «ይህ አድራሻ በእርግጥ በእጅህ ነው?» የሚለው ብቻ ነው። ማን እንደሆንክ፣ ምን ልትሠራበት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። የሚያጣራው ማሽን ነው፣ የሚያልቀውም በደቂቃ ውስጥ ነው። ጉግልም ሰው ቁልፏን የታማኝነት ማረጋገጫ አድርጎ እንደሚወስዳት ስላየ፣ በሴፕቴምበር 2023 ከክሮም ላይ አንስቶ በሌላ ምልክት ተክቷታል።

በነገራችን ላይ፣ ድረ ገጽ ሁሉ በድንገት «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ አላስገባ ካላችሁ፣ መጀመሪያ የስልካችሁን ቀን እዩ። ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። የስልኩን ዓመት በእጁ ወደ እኛ አቆጣጠር የቀየረ ሰው ስልኩ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄድበታል፤ ብሮውዘሩም ሰርተፍኬቶቹን «ገና ያልጀመሩ» ብሎ አይቀበላቸውም። ቀኑን ወደ አውቶማቲክ መልሱት፣ ይስተካከላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፦ አድራሻ ማንበብ። አድራሻው ውስጥ ከጥንዶቹ እዝባሮች (//) በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያ ነጠላ እዝባር (/) ፈልጉ፣ ከዚያ ወደ ግራ አንብቡ። አም.ዊኪፒዲያ.ኦርግ ላይ መጀመሪያ ኦርግ፣ ቀጥሎ ዊኪፒዲያ ይመጣል። ባለቤቱን የሚነግሯችሁ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። «አም» ባለቤቱ ራሱ ለአማርኛው የከፈተው ክፍል ነው። በዚያ ቦታ ባለቤቱ የፈለገውን ቢጽፍ ማንም አይከለክለውም፤ ሌቦቹ የሚጫወቱትም እዚያ ላይ ነው። «ባንክ.ኮም.ኢቲ.የበዓል-ስጦታ.ኮም» ዓይነት አድራሻ ሲመጣ ዓይናችሁ ባንክ የሚለው ላይ ያርፋል፤ ባለቤቱ ግን የበዓል-ስጦታ.ኮም ነው። ኮም.ኢቲ ወይም ጎቭ.ኢቲ ብለው በሚጨርሱ የአገራችን አድራሻዎች ላይ ደግሞ ባለቤቱን የምታገኙት ከሁለቱ በስተግራ ያለው ቃል ላይ ነው። የስልክ ስክሪን ጠባብ ስለሆነ መጨረሻው ተቆርጦ ሊደበቅ ይችላል፤ አድራሻውን ነክታችሁ እስከ ጫፉ እዩት።

ዓይን ብቻውንም አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ የደህንነት ተመራማሪ የሩሲያ ቋንቋ በሚጻፍበት የሲሪሊክ ፊደል አድራሻ አስመዝግቦ፣ ክሮምና ፋየርፎክስ ላይ ልክ አፕል.ኮም መስሎ እንዲታይ አድርጎ አሳይቷል። ፓስወርድ የሚያስቀምጥላችሁ አፕሊኬሽን ወይም ብሮውዘር ግን በመልክ አይታለልም፤ የሚያወዳድረው ፊደሉን በኮምፒውተር ኮዱ ነው። ሁልጊዜ ፓስወርዳችሁን በራሱ የሚሞላላችሁ ገጽ ዛሬ ባዶ ከሆነ፣ በእጃችሁ ልትጽፉ አትቸኩሉ። አድራሻውን እንደገና እዩ።

እዚሁ ቴሌግራም ላይ የሚመጣውን ደግሞ ታውቁታላችሁ። የምታውቁት ሰው «ለልጄ ድምፅ ስጡልኝ» ብሎ ሊንክ ይልካል። ሲከፈት ቁልፍ ያለው፣ ቴሌግራምን የሚመስል ገጽ ነው። ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፣ ወዲያው ከቴሌግራም ኮድ ይመጣላችኋል። ኮዱን የጠራው ሌባው ነው፤ በራሱ ስልክ በእናንተ ቁጥር እየገባ ነው። ኮዱን ገጹ ላይ ስትጽፉ ለእሱ እየሰጣችሁት ነው። ከዚያ በኋላ ያው ሊንክ በእናንተ ስም ለወዳጅ ዘመድ ይላካል። ሊንኩ በስሙ የመጣላችሁ ሰውም ራሱ ያልላከው ሊሆን ስለሚችል፣ ከመንካታችሁ በፊት በስልክ ደውሉለት።

የደረሰባችሁ ካላችሁ አትፈሩ፣ ፍጠኑ። የቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስ የሚለውን ከፍታችሁ የማታውቁትን ስልክ አስወጡ። ገና የገባ ስልክ እናንተን ወዲያው ማስወጣት አይፈቀድለትም፤ ይህ ጊዜ ግን አጭር ነው።

ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም አብሩ። ኮዱ ቢወሰድባችሁ እንኳ ሌባው ተጨማሪ ፓስወርድ ይጠየቃል፤ ያንንም በሐሰተኛ ገጽ ላይ ካልሰጣችሁት አይገባም። የራሳችሁን ስትጨርሱ የእናታችሁን፣ የአባታችሁን ስልክ ተቀብላችሁ አብሩላቸው። ይህን ጽሑፍ ላያነቡት ይችላሉ፤ ሊንኩ ግን እነሱም ጋ ይደርሳል።