ዱላው ይፈቀዳል፣ አያያዙ ይከለከላል

ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው አገር ያደገ ሰው ዱላና ሩር ምን ያህል እንደሚያሟግቱ ያውቃል። ታኅሣሥ ሲገባ ወጣቱ ጫፉ ቆልመም ያለ እንጨት መርጦ ይልጣል። የገና ዕለት የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሜዳ ላይ ይገጥማሉ፤ ሩሯ አለፈች አላለፈችም፣ እገሌ ሩሯን ትቶ ቁርጭምጭሚት መታ አልመታም እየተባለ እስኪመሽ ክርክር ነው። ዳኛው የሽማግሌ ፊትና የተጫዋቹ ቃል ነው። ስለዚህ ለሮብ ገበያ ወዳጆቼ የጎልፍን ሁለት ትልልቅ ሙግቶች ላስረዳ ስነሣ ከማያውቁት ነገር አልጀምርም። አንዱ ሙግት ስለ አንዲት ዱላ ነው፣ ሌላው ስለ ሰማዩ ጠባይ። ሁለቱም ዞረው ዞረው የሚያርፉት በተጫዋቹ ቃል ላይ ነው፤ እኔን ወደዚህ ጨዋታ የሳበኝም ይኸው ነው።

ጨዋታውን በአጭሩ ልንገራችሁ። እንደ ገና ሁለት ወገን በአንዲት ሩር አይሻማም። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ኳስ እየለጋ 18 ጉድጓዶችን በተራ ይጨርሳል፤ በትንሽ ምት የጨረሰ አሸናፊ ነው። የኳሷ ስፋት ከ42.67 ሚሊሜትር አያንስም፣ ክብደቷም ከ45.93 ግራም አይበልጥም፤ የጉድጓዱ አፍ ደግሞ 108 ሚሊሜትር ብቻ ነው። አገራችን ውስጥ ማየት የሚፈልግ ሰው ቢኖር፣ አዲስ አበባ በእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ ባለ 9 ጉድጓድ ሜዳ አለ።

ተጫዋች እስከ 14 ዱላ ይዞ ይገባል፤ ከነዚህ ውስጥ ጭቅጭቅ የማያጣት ፓተር የምትባለው ናት። ጉድጓዱ ዙሪያ ሣሩ ከሥሩ ተላጭቶ ይለሰልሳል፤ እዚያ ከተደረሰ በኋላ ጉልበት ዋጋ የለውም። ፊቷ ጠፍጣፋ በሆነችው ፓተር ኳሷን መሬት ለመሬት አንከባሎ ማስገባት ነው። ልብ በሉ፦ 300 ሜትር የበረረችው ምትም፣ አንድ ክንድ ብቻ የተንከባለለችውም፣ እኩል አንድ ተብለው ይቆጠራሉ። ለዚህ ነው ስንት ውድድር ያሸነፈ ሰው ከጉድጓዱ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሞ እጁ አልታዘዝ የሚለው። በሽታው ስም ወጥቶለታል፤ ብዙ ታላላቅ ተጫዋቾችንም ከሜዳ ሊያስወጣቸው ደርሶ ነበር።

መድኃኒት ፍለጋውም ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1904 ዋልተር ትራቪስ የተባለ አሜሪካዊ የእንግሊዝን የአማተሮች ሻምፒዮና እጀታዋ ከራሷ መሐል በተሰካ ፓተር አሸነፈ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1910፣ በስኮትላንድ ያለው የሕጉ ባለቤት አካል የዚያን ዓይነት ዱላ ከለከለ፤ አሜሪካኖቹ ግን አልከለከሉም። ለ40 ዓመታት ያህል አንዱ ጨዋታ በሁለት ሕግ ኖረ። በ1960ዎቹ ሳም ስኒድ እጁ ቢያስቸግረው ኳሷን በሁለት እግሩ መሐል አድርጎ ከፊት ለፊት መግፋት ጀመረ፤ እሱም በ1968 ተከለከለ። እንግዲህ አስተውሉ፦ በትራቪስ ጊዜ የተከለከለው ዕቃው ነበር፣ በስኒድ ጊዜ ግን አቋቋሙ ነው።

ትልቁ ክርክር የመጣው ረጅሟ ፓተር ስትመጣ ነው። የዱላዋን ጫፍ ሆድ ወይም ደረት ላይ ተክሎ የታችኛውን ብቻ ማወዛወዝ። አንዱ ጫፍ ከተተከለ እጅ ቢርገበገብም ዱላዋ ከመስመሯ አትወጣም። በ2011 ኪገን ብራድሊ በዚህ መንገድ የፒጂኤ ሻምፒዮናን ወሰደ፤ በ2012 ዌብ ሲምፕሰን የአሜሪካን ኦፕን፣ ኤርኒ ኤልስ ደግሞ የብሪታንያውን ኦፕን፤ በ2013 አዳም ስኮት ማስተርስን። ከስድስት ተከታታይ ታላላቅ ውድድሮች አራቱ ማለት ነው። ሕግ አውጪዎቹ ግንቦት 2013 ላይ ውሳኔያቸውን አጸደቁ፤ ክልከላው ከጥር 1 ቀን 2016 ጀምሮ ጸና።

ግን ምን ከለከሉ? ረጅሟን ዱላ አልከለከሉም። ዛሬም ገዝቶ ይዞ መግባት ይቻላል። የተከለከለው ዱላዋን ወይም የጨበጠውን እጅ ሰውነት ላይ ተክሎ መምታት ነው፤ ክንድን ደረት ላይ አጣብቆ በዚያ መትከልም እንዲሁ። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር፦ ምት ማለት ዱላዋ ሙሉ በሙሉ ስትወዛወዝ ነው፣ የእጅን መንቀጥቀጥ መግራትም የጨዋታው አንድ ፈተና ነው። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ዘዴው ጥቅም ለመስጠቱ አኃዛዊ ማስረጃ አላቀረባችሁም፣ አንጋፋውንና የታመመውን ከሜዳ ታስወጣላችሁ አሉ። እኔ ለሕግ አውጪዎቹ አደላለሁ። ፍርሃትን በዕቃ ማስወገድ ከተቻለ የመጨረሻዋ ምት ምኗ ያስጨንቃል? ግን አንድ የማይዋጥልኝ ነገር አለ፦ ያው ሕግ የፓተሯን እጀታ ክንድ ላይ አስደግፎ መምታትን ይፈቅዳል። ብራይሰን ዴሻምቦ በ2020 የአሜሪካን ኦፕን ያሸነፈው እንዲህ እየመታ ነው። ክንድ ከሰውነት አይቆጠርም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥያቄው ውኃ ያነሣል።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። በ2017 በርንሃርድ ላንገርና ስኮት ማካሮን ረጅም ፓተር ይዘው ሲያሸንፉ ብዙ ተመልካች እጃቸው ደረታቸውን ነክቷል እያለ ጮኸ። ምስሉ ቀርቦ ታየ፣ ቀስ ብሎ ታየ፣ ቆሞም ታየ፤ ከሸሚዝ በታች ያለውን ግን ማን ያያል? ሕጉ የሚጠይቀው ደግሞ ሆን ተብሎ መተከሉን ነው። ልብስ መንካት ጥፋት አይደለም። ሁለቱም አልተከልንም አሉ፤ ሕግ አውጪውም ቃላቸውን ተቀበለ። ይህን ለማመን የሚቸገር ሰው የቦቢ ጆንስን ነገር ይስማ። በ1925 የአሜሪካ ኦፕን ኳሷ ትንሽ ተነቃነቀችብኝ ብሎ፣ ሌላ ማንም ሳያይ፣ ራሱ ላይ አንድ ምት አስቆጠረ። በመጨረሻ ከዊሊ ማክፋርሌን ጋር እኩል ወጥቶ በመለያው ተሸነፈ። ያቺ አንድ ምት ባትኖር ዋንጫው የእሱ ነበር።

አሁን ወደ ሰማዩ። የጎልፍ ሜዳ ሰፊና ገላጣ ነው፤ ውድድሩ የሚበዛው ደግሞ በአሜሪካና በአውሮፓ የበጋ ወራት፣ የነጎድጓድ ወቅት ላይ ነው። በ1975 በቺካጎ አጠገብ ሊ ትሬቪኖን፣ ጄሪ ሄርድንና ቦቢ ኒኮልስን መብረቅ መታቸው፤ ሦስቱም ተረፉ፣ ትሬቪኖ ግን ወገቡን መታከም ግድ ሆነበት። በ1991 በሚኒሶታው የአሜሪካ ኦፕን ከዛፍ ሥር የተጠለሉ ተመልካቾች ተመትተው አንዱ ሞተ። በ2019 በአትላንታ ጨዋታው ቆሞ ሳለ መብረቅ ዛፍ መትቶ ስድስት ሰው አቆሰለ።

ከዚህ የተነሣ የጎልፍ ሜዳ የራሱ የሳይረን ቋንቋ አለው። አንድ ረጅም ድምፅ ከተሰማ ወዲያው ማቆም ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለ በቂ ምክንያት ኳስ የመታ ከውድድሩ ይባረራል። ሦስት አጫጭር ድምፆች ሲሆኑ የተጀመረውን ጉድጓድ መጨረስ ይቻላል። ሁለት አጫጭር ደግሞ ተመለሱ ማለት ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሳይረኑ ሳይነፋም ያለው መብት ነው። ተጫዋቹ መብረቅ ያሰጋኛል ብሎ በቂ ምክንያት ካለው ማንንም ሳያስፈቅድ ያቆማል፣ ከዚያ ለአዘጋጁ ያሳውቃል። ዝናብ ስለበዛ ወይም ስለበረደው ማቆም አይችልም፤ መብረቅ ግን ለራሱ ፍርድ ተትቶለታል።

ይህ እውቀት ለእኛም ይሆናል፤ ክረምት ሲገባ በሜዳ ላይ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከጎልፍ ተጫዋች ያነሰ አያሰጋውም። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ድምፁ እስኪመጣ ቁጠሩ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ሦስት ሰከንድ ማለት አንድ ኪሎሜትር ነው። ከ30 በታች ከሆነ መብረቁ 10 ኪሎሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ ቀርቦ ነውና ወደ ቤት ግቡ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ጠብቁ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ሲወጣ አለፈ ማለት አይደለም፤ ወደኋላ የቀረ ደመና ይመታል። ለብቻው የቆመ ዛፍ ሥር መጠለል ከሁሉ ይከፋል፤ ኤሌክትሪኩ ከግንዱ ወደ ሰው ይዘላል፣ በመሬቱም ይሰራጫል። ከዛፍ ሥር ብዙ ከብት ባንድ ጊዜ የሚያልቀውም በዚህ ነው።

ጨዋታ ሲቆም ኳሷ ያለችበት ቦታ ምልክት ይደረግበትና በኋላ ከዚያው ይቀጠላል። ፍትሕ የሚመስለው ግን እዚህ ይጎድላል፤ ጠዋት የወጣው ጸጥ ባለ አየር ጨርሶ ከሰዓት የወጣው አውሎ ነፋስ ሊገጥመው ይችላል። በ2015 በስኮትላንዷ ሴንት አንድሩስ ከተማ በብሪታንያው ኦፕን ቅዳሜ ጠዋት ነፋሱ ኳሶችን ከቆሙበት ያንከባልል ነበር። ከ32 ደቂቃ ጨዋታ በኋላ ውድድሩ ቆሞ ከ10 ሰዓት በላይ ተጠበቀ፤ ፍጻሜው ወደ ሰኞ ተሻግሮ ዛክ ጆንሰን አሸነፈ። መጀመሪያውኑ መጀመር አልነበረበትም ያሉ ተጫዋቾች ነበሩ፤ እውነት አላቸው ባይ ነኝ። በዚያን ጊዜ ሕግ ነፋስ ያንከባለላት ኳስ ከደረሰችበት ነበር የምትመታው፤ ወደ ጉድጓዱ የተንከባለለችለት ዕድለኛ፣ ቁልቁል የሄደችበት ደግሞ ተበዳይ። ከ2019 ወዲህ ግን ጉድጓዱ ዙሪያ ባለው የተላጨ ሣር ላይ አንድ ጊዜ አንሥተህ የመለስካትን ኳስ ነፋስ ቢወስድብህ ወደ ቦታዋ ትመልሳታለህ፤ ያልተነሣችው ግን እንደ ድሮው በሄደችበት ትመታለች።